ከበረራ 302 እስከ ስብሰባ አዳራሽ

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 189 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ ያው ሞዴል የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ነፍስ ጠፋ። ከሁለቱም አደጋዎች በኋላ ምርመራው ሳይጠናቀቅ አንድ ማብራሪያ ቀድሞ ወጣ፤ የአብራሪ ስህተት። ቆይቶም በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ይወጡት ነበር የሚል አስተያየት በአገሪቱ ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር ተሰነዘረ።

ይህን ማብራሪያ የምቃወመው በዋናነት አገራችንን ስለነካ አይደለም። ምንም ስለማያብራራ ነው። «ስህተት» ብለን ስናበቃ የትኛው ዕቃ እንደሚቀየር፣ የትኛው መመሪያ እንደሚስተካከል፣ ነገ ጠዋት ማን ምን እንደሚያደርግ አናውቅም። ያወቅነው ማንን እንደምንወቅስ ብቻ ነው። አንድ ነገር ከየት ተነሥቶ፣ በየትኛው እጅ አልፎ፣ ምን ምንን እየገፋ እዚህ እንደደረሰ አንድ በአንድ የሚከተል ሌላ የአስተሳሰብ መንገድ አለ፤ መካኒካዊ አስተሳሰብ እንበለው። መሐንዲስ ያለ እሱ አይሠራም። መሥሪያ ቤቶችም ያለ እሱ ሊሠሩ እንደማይችሉ፣ እንሠራለን ሲሉም ራሳቸውን እንደሚያታልሉ በጽኑ አምናለሁ።

ነገሩ ጋራዥ ውስጥ በግልጽ ይታያል። መኪና አልነሣ ሲል ደካማው መካኒክ ዕቃ ያስገዛል፤ ባትሪ ይቀይራል፣ ካልሆነ ሞተሪኖ፣ ካልሆነ ካንዴላ። ጎበዙ ግን ቁልፉ ሲዞር ኮረንቲው ከባትሪው ተነሥቶ የት ድረስ እንደሄደ ይከተላል። ሞተሪኖው ጋ ደርሷል? ደርሶስ አዙሯል? ነዳጁ ከጋኑ ወጥቷል? የደረሰበትንና የቀረበትን ቦታ ሲያገኝ ሥራው አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብሎን መፍታት ነው። ሁለቱም ስለ መኪናው ብዙ ሊያውቁ ይችላሉ። የሚለያያቸው፣ አንዱ ስም መስጠት እንደ በቂ ሲቆጥረው ሌላው መንገዱን ሳያይ የማያምን መሆኑ ነው።

በረራ 302 ላይ የሆነውን በዚህ ዓይን እንመልከተው። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ ትንሽ ክንፍ የመሰለ ብረት አለ። በነፋስ እየተገፋ ይዞራል፤ አውሮፕላኑ አየሩን በምን ያህል ማዕዘን እየመታ እንደሆነም ለኮምፒውተሩ ይናገራል። አውሮፕላኑ መሬት ለቅቆ ብዙም ሳይቆይ የቀኙ ሴንሰር 15 ዲግሪ አካባቢ ሲያሳይ የግራው 74.5 ዲግሪ አለ። በዚያ ማዕዘን የሚበር የመንገደኞች አውሮፕላን የለም። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ግን የግራውን ከቀኙ ጋር እንዲያስተያይ አልተሠራም፤ የተነገረውን አመነ። ለመነሻ የተዘረጉት የክንፉ ፍላፖች እንደተሰበሰቡ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ነቃና የጭራውን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋው። አብራሪዎቹ ቀና አደረጉት። እንደገና ደፋው።

አብራሪዎቹ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ በወጣው መመሪያ ላይ እንዳለው ትሪም የሚባለውን የጭራውን የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ አጠፉት። አሁን የቀረላቸው በመካከላቸው ያለው፣ በእጅ የሚዞረው ጎማ ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ በጣም እየፈጠነ ነበር፤ በፍጥነቱ ምክንያት ጭራው ላይ ያረፈው የአየር ጫና ጎማውን በሰው ክንድ የማይዞር አደረገው። ረዳት አብራሪው በእጁ ሞከረ፤ እንዳልሠራ ለካፒቴኑ ነገራቸው። ከዚያ የበረራ መረጃው ላይ የኤሌክትሪክ ትሪሙ ለጥቂት ጊዜ ሲሠራ ይታያል። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስም አብሮ ተመለሰ፤ አፍንጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ደፋው።

እስከዚህ ያለው የብረትና የሶፍትዌር ሰንሰለት ነው፤ አደጋው በደረሰ በወሩ ይፋ በሆነው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ላይ አብዛኛው ተጽፏል። ብዙ አንባቢ እዚህ ያቆማል፤ «የተበላሸ ሴንሰር፣ መጥፎ ሶፍትዌር»። ግን ሴንሰር ሁልጊዜም ሊበላሽ ይችላል፤ ወፍ ይመታዋል፣ በጥገና ጊዜ ይዛነፋል። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ አውሮፕላን ይወድቃል ብሎ ማንም አይጠብቅም። እንግዲህ ይህ አውሮፕላን በአንድ ሴንሰር ላይ እንዲንጠለጠል ያደረገው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከአውሮፕላኑ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ መግባት ግድ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

737 እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተነደፈ፣ ሆዱ ለመሬት ቅርብ የሆነ አውሮፕላን ነው። ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢውን ኤ320 ኒዮ ሲያመጣ ቦይንግ አዲስ አውሮፕላን ከመንደፍ ይልቅ በአሮጌው ላይ ትልቅ ሞተር መግጠምን መረጠ። የአዲሱ ሞተር የፊት ማራገቢያ ስፋት 69 ኢንች ነው፤ የቀድሞው 61 ነበር። በክንፉ ሥር በቀድሞ ቦታው ስለማይበቃ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፋ። ያ ደግሞ አፍንጫው በጣም ቀና ሲል የአውሮፕላኑን ጠባይ ለወጠው። ጠባዩ እንደ ድሮው 737 እንዲመስል ኤምካስ ተጨመረ። በመጀመሪያው ንድፍ ሶፍትዌሩ እንዲነቃ ሁለት ዓይነት ምልክት ያስፈልግ ነበር፤ ጭራውንም በአንድ ጊዜ ከ0.6 ዲግሪ በላይ አያዞርም ነበር። በኋላ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ሲሰፋ ሁለተኛው ምልክት ቀረ፤ 0.6 ዲግሪው ወደ 2.5 አደገ። የዚህ ለውጥ ዜና የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤኤ ውስጥ ማወቅ ለሚገባቸው ሁሉ አልደረሰም።

ለአብራሪዎቹስ? በመማሪያ መጽሐፋቸው ላይ ኤምካስ ስለሚባል ነገር አልተነገራቸውም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የተደበቀበትን ምክንያት ለማግኘት ግን ቁጣ አይበቃም፤ ሰንሰለቱን መከተል ያስፈልጋል። መጽሐፉ ላይ ከተጻፈ ሥልጠና ይጠየቃል። ሥልጠናው በሲሙሌተር ይሁን ከተባለ ለአየር መንገዶች ወጪ ነው። ቦይንግ ደግሞ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በገባው ውል፣ የሲሙሌተር ሥልጠና የግድ ከሆነ በአንድ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ተስማምቶ ነበር። በሽያጭ ውል ላይ ያለ አንድ አንቀጽ በሥልጠናው በኩል አልፎ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ አንድ ስም አስቀርቶ፣ ከቦሌ በተነሣው አውሮፕላን ውስጥ ገባ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የቦይንግ ሠራተኛ ኤምካስ በአንድ ሴንሰር መበላሸት ለአደጋ አይጋለጥም ወይ ብሎ በኢሜይል ጠይቆ እንደነበር የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ አውጥቶታል። ጥያቄው ተጠይቋል፤ ጥያቄው ተነሥቶ ንድፉን ወደሚያስለውጥበት ቦታ የሚያደርሰው መንገድ ግን አልነበረም።

ከመጀመሪያው አደጋ በኋላም ኤፍኤኤ ራሱ በሠራው ስሌት ሶፍትዌሩ ሳይስተካከል ቢቀር በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ተገምቶ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ፤ አብራሪዎችን ማስጠንቀቅ ለጊዜው ይበቃል ተባለ።

መካኒካዊ አስተሳሰብ ዋጋ እንዳለው የሚታወቀው በሚሰጠው መፍትሔ ነው። አውሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ኤፍኤኤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሲፈቅድ የተለወጠው ይህ ነው፤ ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያስተያያል፤ ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ ከበለጠ ራሱን ያጠፋል፤ በአንድ ክስተት የሚነቃው አንዴ ብቻ ነው፤ አብራሪው መሪውን ስቦ ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ አፍንጫውን አይደፋም፤ ሥልጠናውም በሲሙሌተር የግድ ሆነ። እያንዳንዱ ለውጥ ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ላይ ያረፈ ነው። «የአብራሪ ስህተት» ከሚለው ማብራሪያ ከእነዚህ አንዱም አይወጣም ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛም ለራሳችን የማይመች ነገር አለ፤ ሳላነሣው ባልፍ ታማኝነት አይሆንም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጨረሻውን ሪፖርት ሲያወጡ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በአንዳንድ ነጥቦች አልተስማሙም፤ በተለይም የሞተሩ ኃይል እንደ መነሻው ጊዜ ከፍ እንዳለ መቆየቱንና አብራሪዎቹ የሠሩትን ሥራ ሪፖርቱ በበቂ አልመረመረም አሉ። የግራው ሴንሰር በምን እንደተበላሸም ተከራክረዋል። እኔ የአብራሪዎቹን ድርሻ መመርመር ክብራቸውን ይነካል ብዬ አላምንም። የሞተሩ ኃይል ከፍ ብሎ መቆየቱ ፍጥነቱን ጨምሯል፤ ፍጥነቱ ጎማውን አክብዶታል፤ ይህ የሰንሰለቱ አካል ነው። ግን ቀጥሎ መጠየቅ አለብን። የግራው መሪ ከመነሻው ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ የግራና የቀኝ የፍጥነት ንባቦች አይስማሙም፤ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ አፍንጫው ይደፋል፤ ስሙን እንኳ ያልተማሩት ሶፍትዌር ያሽከረክራቸዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ሰው ትኩረቱን እንዴት ያከፋፍላል? ቦይንግ በደኅንነት ስሌቱ አብራሪው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ችግሩን ለይቶ ይመልሳል ብሎ ሲገምት ይህን ሁሉ ጩኸት አብሮ አስቦታል? የሰው ሥራ የሰንሰለቱ ቀለበት ነው ስንል ሰንሰለቱ እሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል ማለታችን አይደለም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም የአደጋ ምርመራ ዓላማ ጥፋተኛ መለየት ሳይሆን ተመሳሳይ አደጋን መከላከል ነው ይላል።

ይህ አስተሳሰብ ከአውሮፕላን ወደ ፋብሪካ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማየት የቶዮታው ታይቺ ኦኖ የሚጠቀስ ምሳሌ አለው። ማሽን ቆመ። ለምን? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ለምን በዛበት? ኩሽኔታው በቂ ዘይት አላገኘም። ለምን? የዘይት ፓምፑ በደንብ አይስብም። ለምን? ዘንጉ ተበልቷል። ለምን ተበላ? ፊልትሮ ስለሌለው የብረት ብናኝ ገባበት። የመጀመሪያውን መልስ ይዞ የሄደ ሰው ፊውዝ ይቀይራል፤ ማሽኑም ከትንሽ ጊዜ በኋላ እንደገና ይቆማል።

ካይዘን የተባለው የጃፓን አሠራር ወደ አገራችን የመጣው ከዚህ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጥሩ ውጤት ያዩ ፋብሪካዎች አሉ። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ካይዘን ገባ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ወለል ላይ የተሰመረ ቢጫ መስመር፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መፈክርና የተደረደረ ፋይል ነው። አምስት ጊዜ ለምን ብሎ መጠየቁ፣ የነገሩ ልብ፣ ደጅ ቀርቷል። የቀረውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ለምን የሚለው ጥያቄ በተደጋገመ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኦፕሬተሩ ተነሥቶ ፊልትሮ እንዳይገዛ የወሰነው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

በምትኩ የስብሰባ ቋንቋችንን አደራጅተናል። የግንዛቤ እጥረት። የአመለካከት ችግር። የማስፈጸም አቅም ውስንነት። ቅንጅታዊ አሠራር አለመኖር። እነዚህ ቃላት ሐሰት አይደሉም፤ ለዚያ ነው የሚያደናግሩት። የትኛውንም ችግር ያለ ልዩነት ይገልጻሉ፤ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት መጥፋት፣ ለመንገዱ መዘግየት፣ ለግብር ከፋዩ ወረፋ እኩል ይስማማሉ። ለሁሉም የሚስማማ ምክንያት የየትኛውም ምክንያት አይደለም። መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ ሥልጠና። ወረፋው የረዘመው ፊርማ የሚፈርመው ሰው አንድ ብቻ በመሆኑና እሱም ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ በመዋሉ ከሆነ፣ መስኮት ላይ የተቀመጠችውን ሠራተኛ ስለ ደንበኛ አያያዝ ማሠልጠን ወረፋውን በአንድ ሰው አያሳጥረውም። ባለጉዳዩ ያንኑ ያህል ይቆማል፤ ልዩነቱ ፈገግታ ማግኘቱ ነው።

ግምገማችንም ከዚሁ ይመደባል። ስብሰባው ሲከፈት የሚፈለገው ሰው ነው፤ ማን አጠፋ፣ ማን ግለ ሂስ ያውርድ። ግለ ሂስ የሚያወርደው ሰው ድክመት ነበረብኝ ይላል፤ ይመዘገባል፤ ስብሰባው ይበተናል። ሰውየው ባይኖር እንኳ በሱ ቦታ የሚቀመጠው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ወደዚያው ጥፋት ይገፋ እንደሆነ አይጠየቅም።

ሰው ማሽን አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣብኛል፤ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የፍሬድሪክ ቴይለር የሥራ አመራር መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ ሠራተኛን እንደ ማሽን ጥርስ ማሽከርከር የሞከሩ ብዙ ናቸው። በርንስና ስቶከር የተባሉ ተመራማሪዎችም በ1961 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁሉ ነገር በእርከንና በደንብ የታሰረበት ድርጅት ገበያና ቴክኖሎጂ በማይለዋወጥበት ቦታ ቢሠራም በሚለዋወጥበት ቦታ እንደሚቸገር አሳይተዋል። እኔ የምሟገትለት ግን ሌላ ነው። ድርጅቱን እንደ ማሽን ማስተዳደርና ድርጅቱ ውስጥ ነገር እንዴት ከነገር እንደሚወለድ መከተል ይለያያሉ። እንዲያውም ሰው ማሽን ባለመሆኑ መከተሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሴንሰር ሲበላሽ የተበላሸበትን ምልክት አይደብቅም፤ ሰው ግን የሚቀጣ ከመሰለው ይደብቃል፤ ሰንሰለቱም እዚያ ላይ ይበጠሳል።

የላየን ኤር አውሮፕላን ከመውደቁ በፊት በነበረው ምሽት ከባሊ ወደ ጃካርታ ሲበር ያው ችግር ደርሶበት ነበር። በአጋጣሚ አብሯቸው የነበረ ሌላ አብራሪ ረድቷቸው፣ የኤሌክትሪክ ትሪሙን አጥፍተው በሰላም አረፉ። በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ግን ስለ መሪው መንቀጥቀጥም ሆነ ትሪሙን ስለ ማጥፋታቸው አልጻፉም። በማግሥቱ የተሳፈሩት አብራሪዎች ይህን አላወቁም።

ከዚያ ከ44 ዓመት በፊት በአሜሪካ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 የቲደብሊውኤ አየር መንገድ በረራ 514 ወደ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተላትሞ 92 ሰው ሞተ። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው ተራራ ለጥቂት ተርፎ ነበር፤ ዩናይትድም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ከአየር መንገዱ በር አልወጣም። ከዚህ በኋላ በ1976 አብራሪዎች ያጋጠማቸውን በምስጢር የሚያሳውቁበት ሥርዓት ተቋቋመ። ሪፖርቱን የሚቀበለው የሚቀጣው ኤፍኤኤ ሳይሆን ናሳ እንዲሆን ተደረገ። የመረጃው ቧንቧ የት ላይ እንደሚዘጋ አስተውለው መዝጊያውን ያነሱ ሰዎች የሠሩት ነው።

እኛም ከትንሹ መጀመር እንችላለን። የወረዳ ሪፖርቶቻችን «ያጋጠሙ ችግሮች» እና «የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሏቸው። በመካከላቸው ሦስተኛ ዓምድ ይግባ፤ «ችግሩ የመጣበት መንገድ» ይባል፤ በውስጡም እንደ ግንዛቤና አመለካከት ያሉ ቃላት እንዳይጻፉ ይከልከል። አፍሪዴቭ የሚባለውን የእጅ ውኃ ፓምፕ እንውሰድ፤ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። ዛሬ «ፓምፑ ተበላሽቷል፤ የባለቤትነት ስሜት አልዳበረም፤ ግንዛቤ ይሰጥ» ተብሎ በሚያልፈው ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ሊጻፍ ይችላል፦ በፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ ተበልቶ ውኃው ወደ ታች ይመለሳል፤ ጀሪካን ለመሙላት የሚበቃው ምት እየበዛ ሴቶቹ ወደ ወንዝ ወረዱ። ማሸጊያው በወረዳው ከተማ አይሸጥም፤ ነጋዴው በዓመት ከጥቂት በላይ ስለማይሸጥ አያመጣውም። ኮሚቴው መዋጮ የሚሰበስበው ውኃ ሲወርድ ብቻ ስለሆነ ፓምፑ ሲቆም ገንዘቡም ይቆማል። በመፍትሔው ዓምድ ደግሞ፦ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ማሸጊያዎችን በብዛት ገዝቶ በመጋዘን ያስቀምጥ፤ መዋጮው በመኸር ጊዜ ለዓመት በአንዴ ይሰብሰብ፤ ፓምፑ እስኪቆም ሳይጠበቅ ማሸጊያው በየዓመቱ ይቀየር።